ፕሌትሌት 940 ሺህ፦ የደም ካንሰር ነው ወይስ የብረት እጥረት?

ጥያቄ፦ እናቴ 57 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ደሴ ነው። ለጉልበት ሕመሟ ዲክሎፌናክ ትወስዳለች፣ ጨጓራም አለባት። ከስምንት ወር በፊት ደሟ ሲመረመር ፕሌትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) 780 ሺህ ነበር፤ ባለፈው ወር 940 ሺህ ሆነ። ሄሞግሎቢኗ 10.8፣ ኤምሲቪዋ (የቀይ ደም ሴሏ መጠን) 72፣ ነጭ የደም ሴሏ 9,200 ነው። ፖታሲየሟ 6.1 ደርሷል ተብሎ አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል አደረች፤ የልብ ምርመራዋ ግን ደህና ነው ተባለ። ማታ ማታ ውስጥ እግሯን ያቃጥላታል። አንዱ ሐኪም የደም ካንሰር ነው ብሎ የደም ሴል የሚቀንሰውን ሃይድሮክሲዩሪያ 500 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ አዘዘላት፤ ሌላው የብረት እጥረት ነው አለ። ጎረቤቶቿ ደምሽ ወፍሯል ብለው ሁለት ጊዜ ዋግምት አስደርገውላታል። እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው፤ ባለ 325 ሚሊግራም አስፕሪን ልኬላታለሁ። አንዱንም መድኃኒት ገና አልጀመረችም። ካንሰር ነው ወይ? ትጀምር ወይስ ትቆይ? ጃክ2 የሚባለውን የዘረመል ምርመራስ ናሙናውን አስመጥቼ እዚህ ላሠራው?

ምላሽ፦ ሁለቱ ሐኪሞች ሊሆን የሚችለውን ተናገሩ እንጂ አንዳቸውም አላረጋገጡም። በእጅዎ ባለው ውጤት ካንሰር ነው ማለትም አይደለም ማለትም አይቻልም። ሆኖም ወረቀቱ አንድ ነገር አይደብቅም፤ 10.8 ሄሞግሎቢን ከ72 ኤምሲቪ ጋር አብሮ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብረት ነው። የወር አበባ በቆመባት ሴት ደግሞ ብረት ዝም ብሎ አይጎድልም፤ የሚፈስበት ቦታ አለ። ስለዚህ ሃይድሮክሲዩሪያው ይቆይ፣ የላኩት አስፕሪን ይቀመጥ፣ ጨጓራን ሊያቆስልና ሊያደማ የሚችለው ዲክሎፌናክ ግን ዛሬውኑ ይቁም። ለጉልበታቸው በቀን እስከ 3 ግራም የሚደርስ ፓራሲታሞል ተከፋፍሎ መውሰድ ይችላሉ፤ የጉበት ሕመም ካለባቸው መጠኑ ይቀንሳል።

በመጀመሪያ «ደም ወፈረ» የሚለውን እናጥራ። የደምን ውፍረት በዋናነት የሚወስነው የቀይ ደም ሴል ብዛት ነው። ፕሌትሌት ከቀይ ሴል እጅግ ያነሰ ቁርጥራጭ ስለሆነ ቁጥሩ በእጥፍ ቢጨምር እንኳ ደሙን አያወፍረውም። የእናትዎ ቀይ ደም አንሷል፤ በዚህ መለኪያ ደማቸው ቀጥኗል እንጂ አልወፈረም። ዋግምቱ ደግሞ የሚብሰውን አድርጓል። በእርሳቸው የሄሞግሎቢን መጠን 100 ሚሊሊትር ደም በወጣ ቁጥር ከ35 ሚሊግራም በላይ ብረት አብሮ ይወጣል፤ አንጀት ከምግብ በቀን የሚመጥጠው ግን 1 ወይም 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። የሁለት ቀን ዋግምት የወራት ምግብ በላባቸው ማለት ነው። ብረት ሲጎድል መቅኒ ውስጥ ያለው የቀይ ደምና የፕሌትሌት የጋራ እናት ሴል ወደ ፕሌትሌት ያደላል፤ ስለዚህ ፕሌትሌት ለመቀነስ ደም ማፍሰስ ፕሌትሌትን የሚጨምር ሕክምና ሆኖ ያርፈዋል። ለዚህ ተብሎ ደም መለገስም ያው ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ቁጥሩን ራሱን እንደ በሽታ ማየት ነው። የጤናማ ሰው ፕሌትሌት በአንድ ማይክሮሊትር ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ነው። ከዚያ በላይ የወጣ ቁጥር በአብዛኛው ሰው ላይ ለሌላ ችግር የተሰጠ ምላሽ ነው፤ የብረት እጥረት፣ ሳንባ ነቀርሳን የመሰለ ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን፣ የመገጣጠሚያ ወይም የአንጀት ብግነት፣ በቅርቡ የተደረገ ቀዶ ሕክምና፣ ጣፊያ መውጣቱ፣ አንዳንዴም ያልታወቀ የሳንባ ወይም የአንጀት ካንሰር። በእነዚህ ምክንያቶች የጨመረ ፕሌትሌት በራሱ እምብዛም ደም አያረጋም፤ መቀነሻ መድኃኒትም አያስፈልገውም። መነሻው ሲታከም ይወርዳል። ጥቂቶች ላይ ግን መቅኒው ራሱ ተለውጦ ማንም ሳያዘው ያመርታል፤ ከእነዚህ አንዱ ኢሴንሻል ትሮምቦሳይቲሚያ ይባላል፣ በአጭሩ ኢቲ። በቪየና ኤፕስታይንና ጎደል የተባሉ ሐኪሞች በ1934 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የገለጹት ይህን በሽታ ነው። አንደኛው ሐኪም የጠረጠሩት ይህን ይመስለኛል።

ጥርጣሬያቸው መሠረት የለሽ አይደለም። በብረት እጥረት ብቻ የሚጨምር ፕሌትሌት አብዛኛውን ጊዜ ከ700 ሺህ ሳያልፍ ይቆማል፤ ከሚሊዮን የሚያልፍበት ጊዜም አለ፣ ግን ጥቂት ነው። 780 ከዚያ 940፣ በስምንት ወር ልዩነት፣ በዚያ ላይ የእግር ማቃጠል ሲጨመርበት ሁለቱም ችግሮች በአንድ ሰው ላይ ተደርበው ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ግድ ይላል። ስሕተቱ መጠርጠራቸው ሳይሆን ከጥርጣሬ በቀጥታ ወደ መድኃኒት መሻገራቸው ነው።

አሁን ወደ ፖታሲየሙ። 6.1 እውነት ቢሆን ኖሮ የልብ ምርመራው ላይ ምልክት ሊያሳይ ይችል ነበር፤ ምልክት አለመኖሩ ብቻውን ባያረጋግጥም ፕሌትሌቱ 940 ሺህ የሆነ ሰው ላይ ውጤቱን ሳያምኑ መድገም ያስፈልጋል። ለፖታሲየም የሚቀዳው ደም በተለምዶ ጠርሙሱ ውስጥ እንዲረጋ ይተዋል። ሲረጋ ፕሌትሌቶች ውስጣቸው ያለውን ፖታሲየም ወደ ፈሳሹ ይለቃሉ፤ ብዛታቸው ከልክ ሲያልፍ መሣሪያው በእናትዎ ሰውነት ውስጥ የሌለ ፖታሲየም ይቆጥራል። መፍትሔው ደሙን እንዳይረጋ በሚያደርገው ሄፓሪን ያለበት አረንጓዴ ክዳን ጠርሙስ ቀድቶ ቶሎ ማሠራት ነው። ያ ከ5 በታች ከመጣ ነገሩ አለቀ። ይህን የማያውቅ ተረኛ ኢንሱሊንና ግሉኮስ ሰጥቶ ጤናማውን ፖታሲየም አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ «ፕሌትሌታቸው ከፍተኛ ስለሆነ ፖታሲየም በአረንጓዴው ጠርሙስ ይሠራ» የሚል ማስታወሻ ከሕክምና ካርዳቸው ጋር ይያያዝ።

የእግር ማቃጠሉ ጥሩ ፍንጭ ሊሆን ይችላል፤ ግን በትክክል ይጠየቁ። በኢቲ የሚመጣው ማቃጠል እግርን ወይም ጣትን ያቀላል፣ ያሞቃል፤ ሙቀትና ብርድ ልብስ ያባብሱታል፣ ቀዝቃዛ ወለል ላይ መርገጥ ያስታግሰዋል። ብዙ ጊዜ አንዱ እግር ከሌላው ይብሳል። ምክንያቱ ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ የሚጣበቁ ፕሌትሌቶች ናቸው፤ ትንሽ አስፕሪን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ያጠፋዋል። ከስኳር በሽታ ወይም ከቫይታሚን ቢ12 እጥረት የሚመጣው ግን ሁለቱንም እግር እኩል ይይዛል፣ መደንዘዝና እንደ መርፌ መውጋት ይበዛበታል፣ መቅላት የለውም፣ ለአስፕሪንም አይበገርም። በጾም የሚለካ ስኳርና ቢ12 አብረው ቢሠሩ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ልጃቸው ነዎትና በስልክ ይጠይቋቸው፦ እግራቸው ይቀላል ወይ? ብርድ ልብሱን ይገፉታል ወይ? የሚመልሱልዎ መልስ ከብዙ ምርመራ ይሻላል።

ሥራው እንዲህ ይጀምር። መጀመሪያ የደም ሥዕሉ በማይክሮስኮፕ ይታይ። የሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ማሽን ሴሎችን የሚለየው በመጠን ስለሆነ በብረት እጥረት የተኮማተሩና የተሰበሩ ቀይ ሴሎችን ፕሌትሌት ብሎ ሊቆጥር ይችላል። የሰለጠነ ዓይን እውነት መብዛታቸውን፣ ግዙፍ ፕሌትሌቶች መኖራቸውን፣ የእንባ ጠብታ የሚመስሉ ቀይ ሴሎች ወይም ያልበሰሉ ነጭ ሴሎች መታየታቸውን በአሥር ደቂቃ ይነግራል። ከዚያ ፌሪቲን (የብረት ክምችት መለኪያ)፣ ሲአርፒ (የብግነት መለኪያ)፣ ኤልዲኤች (የሴል መጎዳት መለኪያ) እና የሰገራ ምርመራ። ፌሪቲን ከ30 በታች ከሆነ ብረት ጎድሏል፣ ክርክር የለውም። ነገር ግን ፌሪቲን በብግነት ጊዜ በሐሰት ከፍ ስለሚል ሲአርፒው ከፍ ካለ 60 ወይም 80 የሆነ ፌሪቲንም እጥረትን አያስወግድም። የሰገራው ምርመራ ሁለት ሥራ አለው፤ ሁክወርም የተባለው ደም መጣጭ የአንጀት ትል መኖሩን ማየትና የማይታይ ደም መፈለግ። በሆድ አልትራሳውንድ የጣፊያው መጠን ቢለካም መልካም ነው።

የሰገራው ውጤት ምንም ይሁን ምን፣ የብረት እጥረቱ ከተረጋገጠ እናትዎ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቱቦ ጨጓራን ማየት) ያስፈልጋቸዋል። 57 ዓመት፣ ጨጓራ፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ዲክሎፌናክ፤ ቁስል መጠበቅ አለበት፣ በዚያው ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያም ይመረመር። ከላይ ምክንያት ካልተገኘ የትልቁ አንጀት ምርመራ ይከተላል። ፕሌትሌት ላይ ብቻ ዓይኑን የተከለ ሐኪም የሚስተው ይህን ነው፤ መቅኒ ውስጥ የሚፈለገው ካንሰር አንጀት ውስጥ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል።

ብረቱ ምርመራዎቹን ሳይጠብቅ፣ ለፌሪቲኑ ደም በተቀዳ ማግስት ይጀመር። ፌረስ ሰልፌት የተባለው ባለ 325 ሚሊግራም የብረት ክኒን ውስጥ 65 ሚሊግራም ንጹሕ ብረት አለ፤ በቀን አንድ፣ ጨጓራቸው ካልቻለ አንድ ቀን እያለፉ አንድ። በቀን ሦስት መዋጥ የሆድ ሕመምና ድርቀት እንጂ ተጨማሪ ብረት አያመጣም። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ፣ ቢቻል ከብርቱካን ጋር። የሚያከሽፈው ቡናው ነው፤ ብረቱን ከዋጡ በኋላ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ቡና፣ ሻይና ወተት አይቅመሱ። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞልም መመጠጡን ይቀንሰዋል፤ ለቁስል የግድ ከታዘዘ አያቋርጡት፣ ብረቱ ቢዘገይ ግን አይገረሙ። «እንጀራ እየበሉ እንዴት ብረት ይጎድላቸዋል?» የሚል ሁሌም አይጠፋም። በጤፍ ውስጥ የሚለካው ብረት ከፊሉ ከአፈር የተጣበቀ ነው፤ ያለውንም በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት ይይዘዋል፤ ላይ ላዩን ቡና ሲወርድበት ትንሹም ይባክናል። የሰገራቸው መጥቆር ከብረቱ ነው፤ እንደ ሬንጅ የሚያብረቀርቅ፣ የሚጣበቅና ከባድ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ደም ነው፣ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

በአራተኛው ሳምንት ሲቢሲ ይደገም። ሄሞግሎቢኑ ቢያንስ በአንድ ከጨመረና ፕሌትሌቱ መውረድ ከጀመረ መንገዱ ትክክል ነው። በስምንተኛው ሳምንት እንደገና። ፌሪቲኑ ከ50 አልፎ ፕሌትሌቱ ከ450 ሺህ በታች ከገባ የመቅኒ በሽታ ፍለጋው እዚያው ያበቃል፤ ብረቱ ግን ሦስት ወር ይቀጥላል፣ የደም መፍሰሻውም ይዘጋል። ፌሪቲኑ ሞልቶ ፕሌትሌቱ ሰባት ወይም ስምንት መቶ ሺህ ላይ ከቆመ ደግሞ ተጨማሪ ምስክር አያስፈልግም፤ ወደ ደም ሐኪም ይሂዱ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ፖሊሳይቲሚያ ቬራ የሚባለው የኢቲ ወንድም ቀይ ደምን ያበዛል፤ ነገር ግን ሰውየው ብረት ከጎደለው ቀይ ደሙ ስለማይበዛ በሽታው ከጀርባ ተደብቆ ፕሌትሌቱ ብቻ ይታያል። ብረቱ ሲሰጥ ሄሞግሎቢኑ ወደ 12 ሄዶ መቆም ሲገባው 15፣ 16 እያለ ይሮጣል። በሴት ከ16 ወይም ሄማቶክሪቱ (የቀይ ሴል ድርሻ በደም ውስጥ) ከ48 በመቶ ካለፈ ብረቱ ወዲያው ይቁም፣ ምርመራው አቅጣጫ ይቀይር። «ደሴ ደጋ ስለሆነ ነው» የሚለውን ማብራሪያ ቶሎ አይቀበሉ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ነገር ግን በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ደገኞች ሲለኩ አማካይ ሄሞግሎቢናቸው በሴቶች 15፣ በወንዶች 15.9 ነበር፤ ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። የእኛ ደገኛ ደም እንደ ደቡብ አሜሪካው አንዲስ ተራራ ሰው አይበዛም። ፕሌትሌትን ደግሞ ደጋ አያበዛውም።

የዘረመል ምርመራውን በተመለከተ፦ ያስፈልጋል፣ ግን ቨርጂኒያ ማስመጣት አያስፈልግም። በሻንጣ የሚጓዝ የሰው ደም በሕግም በጥራትም ችግር ነው። ጃክ2 ከክንድ ደም በሐምራዊ ክዳን ጠርሙስ ይቀዳል፣ መጾም አይጠይቅም፣ ናሙናውን በቅዝቃዜ አዲስ አበባ ማድረስ ይቻላል፤ የሚቀበለው ላቦራቶሪ ራሱ ካልሠራው በራሱ መንገድ ወደ ውጭ ያስልከዋል። የእግሩ ማቃጠል ከላይ የገለጽኩትን ዓይነት ከሆነ ስምንቱን ሳምንት ሳይጠብቁ ከብረቱ ጎን ለጎን ቢያሠሩት ገንዘቡ አይባክንም። ማቃጠሉ የነርቭ ከሆነ ግን ይቆይ።

ውጤቱን ለማንበብ እንዲህ ያስቡ። በ2005 እ.ኤ.አ. የታወቀው የጃክ2 ለውጥ፣ ሙሉ ስሙ ጃክ2 ቪ617ኤፍ፣ በኢቲ ሕሙማን ከግማሽ በትንሹ በሚበልጡት ላይ ይገኛል። በ2013 የታወቀው ካልሬቲኩሊን የተባለው ዘረመል ለውጥ ከአራት አንድ ያህሉን ይይዛል፤ ሦስተኛው፣ ኤምፒኤል የተባለው፣ ከመቶ ሦስት ወይም አራት ብቻ ነው። ከአሥር አንድ በሚበልጡት ላይ ሦስቱም አይገኙም። ስለዚህ «ጃክ2 ኔጋቲቭ ነው፣ ተገላገልን» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ፖዚቲቭ መሆኑም ቢሆን የመቅኒ በሽታ መሆኑን ያረጋግጣል እንጂ የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ ያው ለውጥ በፖሊሳይቲሚያ ቬራ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ላይ፣ መቅኒው በጠባሳ በሚሞላበት በማይሎፋይብሮሲስም ከግማሽ በላዩ ላይ አለ።

ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባለውን የዘረመል ምርመራ ሐኪሙ ባያነሳው እርስዎ ይጠይቁ። ሲኤምኤል የተባለው ሉኪሚያ (የነጭ ደም ሴል ካንሰር) አንዳንዴ ነጭ ሴል ብዙም ሳይጨምር በፕሌትሌት ብቻ ብቅ ይላል፤ መድኃኒቱ ኢማቲኒብና መሰሎቹ ናቸው፣ የሕክምናው መንገድ ፈጽሞ ሌላ ነው። በብዙ ሆስፒታሎች ለቲቢ የሚያገለግለው የጂንኤክስፐርት ማሽን የዚህ ምርመራ ካርትሬጅ ከተገኘለት በሁለት ሰዓት ገደማ ይሠራዋል። ይህን ሳያጣሩ ሃይድሮክሲዩሪያ መጀመር ቁጥሮቹን አስተካክሎ እውነተኛውን በሽታ መሸፈን ነው።

የመቅኒ ናሙና የሚወሰደው የብረቱ ነገር ከተጣራ በኋላ ነው። ከዳሌ አጥንት ጀርባ በማደንዘዣ ይወሰዳል፤ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ሲመጠጥ ለጥቂት ሰከንድ ያማል። አጥብቀው የሚጠይቁት አንድ ነገር፦ ፈሳሹ ብቻ አይበቃም። ቢያንስ 1.5 ሴንቲሜትር የሆነ የአጥንት ቁራጭ ተወስዶ የጠባሳ ክር የሚያሳየው የሬቲኩሊን ቀለም ሊቀባ ይገባል። በኢቲ የፕሌትሌት እናት ሴሎች ትላልቅና የበሰሉ ሆነው ተበታትነው ይታያሉ፤ ተጠጋግተው የተዛባ ቅርጽ ይዘው ከታዩና ክር ካለ ገና ያልተገለጠ ማይሎፋይብሮሲስ ነው፣ መጻኢውም የከፋ ነው። ሁለቱ በሲቢሲ አይለዩም።

ኢቲ ነው ቢባልስ? በዓለም አቀፉ አመዳደብ ከደም ካንሰሮች ተርታ ይቆጠራል፤ ቃሉን መደበቅ አይጠቅምም። ነገር ግን ሰዎች ሲሰሙት እንደሚያስቡት አይደለም። በትክክል በመቅኒ ናሙና በተለዩ ሕሙማን ላይ በተደረገ ሰፊ ጥናት በ15 ዓመት ውስጥ ወደ ማይሎፋይብሮሲስ የተለወጠባቸው ከመቶ 9 ገደማ፣ ወደ ሉኪሚያ የተለወጠባቸው 2 ገደማ ነበሩ። አይድንም፤ በቁጥጥር ሥር ግን ይውላል። ዋናው አደጋ የደም መርጋት ነው፦ ስትሮክ፣ የልብ ደም ሥር መዘጋት (ሃርት አታክ)፣ የእግርና ያልተለመደው የጉበትና የሆድ ደም ሥር መዘጋት። ይህን አደጋ ደግሞ የሚተነብየው የፕሌትሌቱ ቁጥር አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህን ለማመን ይቸግረዋል። የሚተነብዩት ዕድሜ ከ60 ማለፉ፣ ከዚህ በፊት ደም ረግቶ ማወቁና ጃክ2 መኖሩ ናቸው፤ ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራም ይጨምሩበታል። 600 ሺህ ያለው የ70 ዓመት አዛውንት ሚሊዮን ካለው የ30 ዓመት ወጣት የበለጠ ያሳስባል።

በዚህ ሚዛን እናትዎ፣ 57 ዓመት፣ ደም ረግቶባቸው የማያውቅ፣ ጃክ2 ቢገኝባቸው እንኳ ዝቅተኛ አደጋ ያለው ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ካልተገኘ ከዚያም ያንሳል። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 59 የሆኑ፣ ከፍተኛ አደጋ የሌለባቸው 382 የኢቲ ሕሙማን ሃይድሮክሲዩሪያ ከአስፕሪን ጋር ወይም አስፕሪን ብቻ ተሰጥቷቸው ሲነጻጸሩ፣ ሃይድሮክሲዩሪያው የደም መርጋትን አልቀነሰም፤ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ስለዚህ ኢቲ ቢረጋገጥም የታዘዘው ካፕሱል አሁን ቦታ የለውም። ጊዜው የሚመጣው ጃክ2 ኖሯቸው 60 ሲያልፉ፣ ወይም ከዚያ በፊት ደም ከረጋ፣ ወይም ፕሌትሌቱ ከ1.5 ሚሊዮን ካለፈ ነው።

አስፕሪኑ የተለየ ጉዳይ ነው። ትክክለኛው መጠን በቀን ከ75 እስከ 100 ሚሊግራም ነው፤ እርስዎ ባሉበት ባለ 81 የሚሸጠው። 325 ለዚህ ሥራ አይበልጥም፣ የሚበልጠው በማድማት ነው። የሚጀመረው ኢንዶስኮፒው ቁስል እንደሌለ ካሳየ ወይም ቁስሉ ከዳነ በኋላ ነው፤ ጨጓራ ላለበት ሰው ከኦሜፕራዞል ጋር። ኢቲ ባለበት ሰው ፕሌትሌት ቶሎ ቶሎ ስለሚተካ የአንድ ጊዜ አስፕሪን 24 ሰዓት ላይደርስ ይችላል፤ ማታ ማታ ማቃጠሉ ከተመለሰ ሐኪሙ ጠዋትና ማታ ሊያደርገው ይችላል። የሕመም ማስታገሻው ኢቡፕሮፌን ከአስፕሪኑ በፊት ከተወሰደ የአስፕሪኑን ሥራ ይዘጋበታል። ፕሌትሌት ከሚሊዮን ሲያልፍ ደግሞ የሚገርም ነገር ይከሰታል፤ ፕሌትሌቶቹ በዝተው ደሙን ለማርጋት የሚያስፈልገውን ቮን ዊልብራንድ የተባለ ፕሮቲን ጠርገው ይወስዱታል፣ ሰውየው በመርጋት ፈንታ ይደማል። የእናትዎ 940 ለዚህ ድንበር ቅርብ ነው። ነስር፣ የድድ ደም ወይም ያለምክንያት የሚበልዝ ቆዳ ከታየ የዚህ ፕሮቲን ሥራ ሳይለካ አስፕሪን አይጀመርም፤ ከ30 በመቶ በታች ከሆነም አይሰጥም።

ሃይድሮክሲዩሪያ ቀኑ ሲደርስ ጥሩ መድኃኒት ነው። ከፍተኛ አደጋ ባለባቸው 114 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ1995 በወጣው ጥናት፣ ከወሰዱት ከመቶ 3.6 ላይ፣ ካልወሰዱት ከመቶ 24 ላይ ደም ረግቷል። በቀን ከ500 እስከ 1,000 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ሲቢሲ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሲረጋጋ በየሦስት ወሩ። ግቡ ፕሌትሌቱን ወደ 400 ሺህ ማውረድ ነው። ኒውትሮፊል (ኢንፌክሽን የሚዋጋ ነጭ ሴል) ከ1,000፣ ፕሌትሌት ከ100 ሺህ፣ ሄሞግሎቢን ከ10 በታች ከወረደ ይቆማል ወይም ይቀነሳል። በዚህ ምክንያት ነው አሁን በ10.8 ላይ መጀመሩ የማይመከረው፤ የሚወርድበት ቦታ የለውም። ኤምሲቪው ከ100 ማለፉ የመድኃኒቱ ምልክት ነው፣ ሰው መውሰዱንም ያሳውቃል። ጥፍር ላይ ጥቁር መስመር መውጣቱ ጉዳት የለውም፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚወጣ የሚያም ቁስል ግን መድኃኒቱ ካልቆመ አይድንም። ካፕሱሉ አይከፈት፤ የሚያቀርብላቸው ሰው ጓንት ያድርግ። ሲቋረጥ ቁጥሩ በሳምንታት ይመለሳልና የአንድ ወር መጠባበቂያ ሳይኖር አይጀመር። ልጅ መውለድ የሚያስቡ አንባቢዎች፣ ወንዶችም ጭምር፣ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ሊያቆሙት ይገባል፤ ለእነርሱ ኢንተርፌሮን ይሻላል። አናግሪላይድ የተባለው ሌላ የፕሌትሌት መቀነሻ ሁለተኛ ምርጫ ነው፤ 809 ሰዎች ላይ ከሃይድሮክሲዩሪያ ጋር ሲነጻጸር የአርተሪ (ደም ከልብ የሚያወጣ ሥር) መርጋትና ከባድ መድማት በዝቶበታል፣ የልብ ምትም ያፈጥናል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና ዝንጅብል ፕሌትሌትን አይቀንሱም። በምግብ ውስጥ ይብሉ፤ ፍሬው ተፈጭቶ በማር በየቀኑ የሚወሰደው ግን ከአስፕሪን ጋር ተደርቦ መድማትን ሊያባብስ ይችላል፣ ለጨጓራቸውም አይመችም።

ሳይዘገዩ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱት፦ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የንግግር መተሳሰር፣ የደረት ሕመም፣ የአንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ ድንገት የመጣ ከባድ የሆድ ሕመም ከሆድ መነፋት ጋር፣ ሬንጅ የመሰለ ሰገራ። ለጥርስ መነቀልም ሆነ ለሌላ ቀዶ ሕክምና ከመቅረባቸው በፊት የፕሌትሌታቸውን ነገር ያሳውቁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ደሴ ላይ ያልቃል፤ የደም ሥዕል፣ ፌሪቲን፣ ሲአርፒ፣ ኤልዲኤች፣ ሰገራ፣ ስኳርና ቢ12፣ ፖታሲየም በአረንጓዴው ጠርሙስ፣ የሆድ አልትራሳውንድ፣ ኢንዶስኮፒ የሚሠራበት ቀጠሮ። ለአዲስ አበባው ጉዞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የደም ሕክምና ክፍል አለ፤ ሲሄዱ የስምንቱን ወር ሲቢሲዎች በሙሉ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ አሮጌ ውጤት ከተገኘም እርሱን ጨምረው ይያዙ። ከአምስት ዓመት በፊት ለሌላ ነገር የተደረገ ምርመራ ላይ ፕሌትሌቱ 300 ሺህ ሆኖ ከተገኘ አንድ ነገር፣ ያኔም 600 ሺህ ከነበረ ሌላ ነገር ይናገራል። ያን ወረቀት ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ያስፈልጉት።